ከ200 ዶላር ባልበለጠ ለአማርኛ ፒዲኤፍ ሚሆን ማንበቢያ የቱ ነው?

የጣና_ዳሩ
ሰላም ቤተሰብ። ብዙ ጊዜ እዚህ ዝም ብዬ ነው ማነበው፣ ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ መጣሁ። ባህር ዳር ነኝ፣ ታሪክ ማስተርሴን እየሰራሁ ነው። ስልኬ ላይ ወደ 400 ምናምን ፒዲኤፍ አለ፣ ግማሹ ከቴሌግራም የወረደ የአማርኛ መጽሐፍ ነው ሌላው የእንግሊዝኛ አርቲክል። ማታ ማታ በስልክ ሳነብ አይኔ ይቃጠላል፣ ጠዋት ስነሳ አሸዋ የገባበት ነው ሚመስለኝ፣ እሱም ይሁን፣ አንድ ገጽ አንብቤ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ቴሌግራም ቲን ይልና በቃ ንባቡ እዛው ይቀራል። የአክስቴ ልጅ ለገና ከአሜሪካ ትመጣለች፣ "የምትፈልገውን ንገረኝ ግን ከ200 ዶላር እንዳያልፍ" ብላኛለች። ትንሹን ኪንድል (የአማዞኑን የመጽሐፍ ማንበቢያ)፣ 6 ኢንቹን፣ ልላት አስቤ ነበር፣ አንድ የክላሴ ልጅ ደግሞ ታብሌት ነው ሚሻልህ ብሎ አወዛገበኝ። አማርኛ ሚያነብበት ሰው ካለ እባካችሁ፣ ዩቱብ ላይ ያሉት ሁሉ የፈረንጅ ልብወለድ ነው ከፍተው ሚያሳዩት።

ባትሪ_ጨራሽ
ታብሌት ግዛና ተገላገል። ጋላክሲ ታብ ኤ9 ፕላስ 11 ኢንች ነው፣ ዋጋው እዛው 200 አካባቢ ነው፣ ከለር አለው፣ ቴሌግራም አለው፣ ያልከፈተው ፋይል የለም። ኪንድል ማለት እኮ አንድ ስራ ብቻ ሚያውቅ እቃ ነው።

የጣና_ዳሩ
ቴሌግራም አለው ያልከው እኮ ነው ችግሩ ወንድሜ ሃሃሃ

ነርሷ_ከዱባይ
እኔ ሁለቱም አለኝ፣ ታብሌቱን ልጆቹ ወርሰውታል። የኪንድሉ ስክሪን ኢ-ኢንክ ነው ሚባለው፣ ከወረቀት አይለይም፣ መብራቱ ከፊት በኩል ገጹ ላይ ነው ሚያርፈው እንጂ እንደ ስልክ ከኋላ ወደ አይንሽ አይተኮስም፣ ፀሐይ ላይም ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ ባትሪው ደግሞ ለሳምንታት ነው። መብራቱን ሳንቆጥር ስክሪኑ ገጹን ስትቀይሪ ብቻ ነው ኃይል ሚበላው፣ ገጹ አንዴ ከወጣ በኋላ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መብራት ለሚጠፋበት ሀገር ከዚህ በላይ ምን አለ። አንድ ነገር ልንገርህ ግን፣ መጀመሪያ የአማርኛ መጽሐፍ ስጭንበት የመጣልኝ ሳጥን ሳጥን ሳጥን ነበር። በጣም ነው የደነገጥኩት፣ ተበላሸ ብዬ ልመልሰው ስል ወንድሜ ነው ፎንት ነው የጎደለው ያለኝ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን አውርደን በገመድ "ፎንትስ" ሚለው ፎልደር ውስጥ ከተትነው፣ ከዛ ከሜኑው መረጥኩት፣ አለቀ።

ፎንት_ለቃሚ
ሁላችሁም እቃውን ነው ምታወሩት፣ መጀመሪያ ሚጠየቀው ፋይሉ ነው። ፒዲኤፍ ሁሉ አንድ አይደለም ጎበዝ፣ በተለይ አማርኛ ላይ። ሶስት አይነት ነው ሚያጋጥምህ።

አንዱ ስካን ነው፣ ገጹ ፎቶ ነው በቃ፣ ውስጡ ፊደል ሚባል ነገር የለም። ሁለተኛው በድሮዎቹ ፎንቶች፣ በፓወር ግዕዝ በቪዥዋል ግዕዝ ምናምን፣ የተተየበ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ሚሰጠው የኮምፒውተር መመዘኛ) ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጅ በ1999 ነው፣ ከዛ በፊትም፣ ከገባ በኋላም ለብዙ አመት፣ ሰው ሚጽፈው በፈረንጅ ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ቅርጽ በሚያስቀምጥ ፎንት ነበር። ስለዚህ አንተ "ሀገር" ብለህ ስታነብ ማሽኑ ሚያየው የፈረንጅ ሆሄና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። እንዲህ አይነቱን ፋይል ወደ ኢፐብ (ፊደሉ ሚያድግና ሚያንስ የመጽሐፍ ፋይል) ልቀይር ካልክ ያ ዝብርቅርቅ ነው ሚወጣልህ፣ ስንቱ ፋይል መቀየሪያውን ፕሮግራም ካሊበርን ሲረግም አይቻለሁ፣ ካሊበር ምን ያድርግ። ሶስተኛው ትክክለኛው ዩኒኮድ ነው፣ እሱ ብርቅ ነው።

መለያው ቀላል ነው፣ አንድ መስመር ኮፒ አድርገህ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅህ ላይ ለጥፈው። ጭራሽ አልመረጥም ካለህ ስካን ነው፣ የማይነበብ ነገር ካመጣ የድሮ ፎንት ነው፣ አማርኛ ሆኖ ከመጣ እልል በል።

ይሄን ሁሉ ምለፋልህ ለምን መሰለህ፣ ፊደል እንደልብህ ማሳደግ ምትችለው ሶስተኛው ላይ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ገጹ እንዳለ ነው ሚመጡት፣ እዛ ላይ ሚወስነው የስክሪኑ ስፋት ነው። 6 ኢንች ማለት 9 በ12 ሴንቲ ነው፣ ኤፎር ወረቀት 21 በ29.7 ነው፣ አስበው። ካላመንክ ነገ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ በልና አንዱን አርቲክል ወደ 40 ፐርሰንት አሳንሱልኝ በላቸው፣ በኪንድሉ ላይ ምታየው እሱን ነው። ለኔ 10.3 ኢንች ካልሆነ ለስካን አይገዛም፣ እሱ ከኤፋይቭ ወረቀት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ግን በ200 ዶላር አዲሱን አታገኘውም።

የጣና_ዳሩ
ደርሼ መጣሁ። መጀመሪያ 50 የአማርኛ ፋይል በዛ በነገርከኝ መንገድ አየሁ፣ 38ቱ ስካን፣ 7ቱ ዝብርቅርቅ፣ አማርኛ ሆኖ የተለጠፈልኝ 5 ብቻ። ከዛ ግቢው በር ላይ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አሳንሺልኝ ስላት ልጅቷ ከላይ እስከታች አይታኝ "አጤሬራ ነው እንዴ?" አትለኝም! ሰልፉ ሁሉ ሳቀብኝ። የወጣውን ባሳያችሁ፣ የግርጌ ማስታወሻው ጉንዳን ነው የሚመስለው፣ አስጠግቼም አልተነበበልኝም። በቃ ኪንድሉን ትቼዋለሁ፣ ታብሌት ልበላት ነው።

ባትሪ_ጨራሽ
አላልኩህም

ጡረተኛው_መምህር
ልጄ፣ ሳትቸኩል። እኔ 67 ዓመቴ ነው፣ ሁለቱም ዓይኔ ላይ ሞራ ተገፎልኛል፣ በ7 ኢንች ማንበቢያ ስካን መጽሐፍ ሳነብ 2 ዓመት አልፎኛል። ፎቶ ኮፒ ማስደረግህ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ነጩን ጠርዝ ለምን አብረህ አሳነስከው? ጠርዝ አይነበብም።

ማስመሪያ አንሣና አንድ መደበኛ የአማርኛ መጽሐፍ ለካ። ዛሬ ጠዋት እኔ የለካሁት ወረቀቱ 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጽሑፉ የያዘው ቦታ ግን 10.5 በ17 ብቻ ነው። የ7 ኢንች ገጽ ደግሞ ወደ 10.7 በ14.2 ነው። ጠርዙ ከተቆረጠ 17ቱ ወደ 14 ይጠጋል፣ ማለትም ከመቶ 83 እጅ ያህል። ይኽ ይነበባል። አልበቃኝም ካልህ ደግሞ መሣሪያውን ወደ ጎን አዙረው፣ ያን ጊዜ ወርዱ 14.2 ይሆንልሃል፣ 10.5 የነበረው ሰፍቶ ፊደሉ ከታተመው መጽሐፍ ራሱ ይበልጣል። አንዱን ገጽ በሁለት ጊዜ ማንበብ ነው እንግዲህ። የእንግሊዝኛውም ጽሑፍ ቢሆን ወርዱ ያለ ጠርዝ 16 ሴንቲ ቢሆን ነው፣ ወደ ጎን ሲዞር ከመቶ 89 እጅ ይመጣል። ጉንዳን አይደለም።

የጣና_ዳሩ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ!! ይሄን ሳያስቡት ነው እንዴ ሁሉም ሰው ትልቅ ስክሪን ግዛ ሚለው? ግን ጠርዙን በምን ነው የሚቆርጡት፣ መሣሪያው ራሱ ይቆርጠዋል?

ጡረተኛው_መምህር
የልጅ ልጄ ናት የምትቆርጥልኝ። በምን እንደሆነ እሷን ጠይቄ ነው የምነግርህ።

ፎንት_ለቃሚ
ጋሼ አሸንፈውኛል፣ እጄን ሰጥቻለሁ። እኔ 10.3ቱን ይዤ ስለምዞር ስለ ጠርዝ አስቤም አላውቅ።

በምን ለሚለው፣ ኬ2ፒዲኤፍኦፕት (k2pdfopt) የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ስሙ አፍ ያስራል ግን ስራው ግሩም ነው። ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ትሰጠዋለህ፣ ጠርዝ ብቻ ቁረጥልኝ ማለት ትችላለህ፣ ወይ ጋሼ እንዳሉት ወደ ጎን አዙረህ ወርዱን ሙላልኝ፣ ወይ ደግሞ ገጹን ቃል በቃል ቆራርጠህ ለትንሽ ስክሪን እንደገና ደርድርልኝ። ደስ ሚለው ነገር ፊደል ማንበብ አያስፈልገውም፣ ሚፈልገው ነጭ ቦታ ነው፣ በቃልና በቃል መሀል በመስመርና በመስመር መሀል ያለውን። ስለዚህ አማርኛ ሆነ ቻይንኛ ስካኑ ንጹህ ይሁን እንጂ ደንታ የለውም። ንጹህ ካልሆነ ግን ጉድ ነው። እነዛ በስልክ ጉልበት ላይ ተደርገው የተነሱ መጽሐፎች አሉ አይደል፣ ጥጉ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ያለበት? ፕሮግራሙ አውራ ጣቱን ጽሑፍ መስሎት አክብሮ ያስቀረዋል፣ ጠርዙ አይቆረጥም። መሀሉ ላይ ያለው ጥቁር ጥላም እንደዛው። እንደሱ ያለው ላይ ስንት ሚሊሜትር እንዲቆርጥ አንተው ትነግረዋለህ።

ኮምፒውተር ካልተመቸህ ኮሪደር (KOReader) የሚባለው የንባብ አፕ ይሄንኑ በውስጡ ይዟል፣ እዛው መሳሪያው ላይ ነው ሚቆርጥልህ። ኮቦ እና ፖኬትቡክ የሚባሉት ማንበቢያዎች ላይ ሲጭኑት ብዙ አያስቸግርም፣ አንድሮይድ ላይ እንደማንኛውም አፕ ነው፣ ኪንድል ላይ ግን መጀመሪያ የሶፍትዌሩን ቁልፍ መስበር (ጄይልብሬክ ማድረግ) አለብህ፣ እሱን ለጀማሪ አልመክርም።

ባትሪ_ጨራሽ
እሺ ይሁን፣ ግን ሀቁን ንገሩት። ታሪክ ነው ሚማረው፣ ታሪክ ደግሞ ካርታ ነው። ጥቁርና ነጭ ላይ ካርታ ሲከፍት ድንበሩና ወንዙ ይደባለቅበታል። ከዛ ደግሞ ማስታወሻው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ከሆነ ገጽ 40 ላይ ሆነህ ወደ ገጽ 310 ሄደህ መመለስ ኢ-ኢንክ ላይ መከራ ነው፣ ብልጭ ጥቁር ብልጭ ነጭ እያለ። ታብሌት ላይ በጣት ሸርተት ነው።

ፎንት_ለቃሚ
እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ አልከራከርም። ተከታታይ ንባብ ነው የኢ-ኢንክ ቦታው፣ መገላበጥ ለሚበዛበት ነገር አይሆንም። ባለ ከለር ኢ-ኢንክም አለ፣ ካሌይዶ 3 የሚሉት፣ ግን ከለሩ በኢንች 150 ነጥብ ነው ጥቁርና ነጩ 300፣ ስለዚህ ካርታው ቀለም ይኖረዋል እንጂ ታብሌት አይሆንም። ቴሌግራም ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል ደግሞ ኦኒክስ ቡክስ የሚባለው ማንበቢያ አንድሮይድ ነው፣ እሱ ሁሉንም ይጭናል፣ ጠያቂያችን ግን ከቴሌግራም ነው ሚሸሸው።

ሃያሲው_ነኝ
ይቅርታ ግን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። 200 ዶላር አውጥታችሁ የተሰረቀ መጽሐፍ ልታነቡ ነው? ደራሲው ሶስት አመት ለፍቶ ባሳተመ በሳምንቱ ስካን ተደርጎ ቻናል ላይ ይለቀቃል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እኮ ደራሲው በህይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 አመት ይጠብቀዋል።

የጣና_ዳሩ
እውነትክን ነው፣ ግን እኔ ምፈልጋቸው አብዛኞቹ በደርግ ጊዜና ከዛ በፊት የታተሙ ናቸው፣ አሮጌ መጽሐፍ ተራ ካልሆነ የትም አታገኛቸውም፣ ሲገኙም ዋጋቸው የወር ቀለቤ ነው። አዲሶቹን እገዛለሁ፣ አልዋሽህም ሁሉንም ግን አይደለም።

ነርሷ_ከዱባይ
እኔ ደግሞ ከዚህ ሆኜ ልግዛ ብል በኢፐብ ሚሸጥልኝ የለም። ከፍዬ ባነበው ደስ ይለኛል። ወረቀቱን በሰው አስመጥቼ አነባለሁ እንጂ ቆሜ አልጠብቅም።

ሃያሲው_ነኝ
ሚሸጥላችሁ የለም የሚለው ላይ አልጣላችሁም፣ አሳታሚዎቹም እጃቸው አለበት። ይሄ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አላጨቀይም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ከዚህ ከአሜሪካ የሚላክላችሁን ሁሉ ገዝቼ የማውቅ ሰው ነኝ እኔን ስሙኝ። የአክስትህ ልጅ ገዝታ እንደታሸገ እንዳታመጣው። እዚህ ሆና ትክፈተው፣ ቻርጅ ታድርገው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ መብራቱን ከፍታ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ወይ ጥላ ካለ ትየው፣ አንድ ሳምንት ትጠቀምበት፣ ችግር ካለው እዛው ትመልሰዋለች፣ ባህር ዳር ከደረሰ በኋላ ማን ሊመልስልህ። አካውንቱንም በአንተ ኢሜይል ክፈቱት፣ በእሷ ካርድና አካውንት ላይ ከተመዘገበ ነገ ሳታስበው በስህተት መጽሐፍ ገዝተህ ከእሷ ሂሳብ ይቆረጣል፣ በዚህ ምክንያት ዘመድ ሲኮራረፍ አይቻለሁ።

ያገለገለ ከተገኘም የድሮው ባለቤት ከአካውንቱ ማስወጣቱን ሳታረጋግጡ ብር እንዳትሰጡ። ማስታወቂያ ያለበትና የሌለበት ተብሎ በሁለት ዋጋ ነው ኪንድል ሚሸጠው፣ ማስታወቂያው ስትዘጋው ሚታይ ስለሆነ ንባቡን አይነካም፣ 20 ዶላሩን ለሽፋን አድርጉት።

እና ዋናው፣ በእጅ ሻንጣ!! በመጀመሪያው የላክሁት የእህቴ ልጅ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከጫማና ከሻምፑ መሀል ነበር፣ አዲስ አበባ ሲከፈት ከላዩ ጭረት የለውም፣ ሲበራ ግን ግማሹ ገጽ ቀጥ ቀጥ ባለ መስመር ተሞልቶ ግማሹ ጭራሽ አይቀየርም። ከላይ ያለው ሳይሆን ከስር ያለው ቀጭኑ መስታወት ነው የተሰበረው። 3 ወር የጠበቀው ልጅ ፊቱን ባያችሁት። ጠንካራ ሽፋን አድርጉለትና ከሰው ጋር ይቀመጥ።

የጣና_ዳሩ
ኡኡ እጅ ሻንጣ ብዬ በትልቁ ጽፌላታለሁ። ሌላስ፣ ፋይሉን እንዴት ነው ምልከው፣ በኢሜይል ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ፎንት_ለቃሚ
ኪንድል ከሆነ በኢሜይል እስከ 50 ሜጋ፣ በዌብሳይቱ እስከ 200 ሜጋ ይቀበላል። የኛ ስካኖች ግን ብዙዎቹ ከ50 ይበልጣሉ፣ በዛ ላይ የዳታው ወጪ፣ ስለዚህ ገመድ ይሻልሃል። ጠርዙን በኮምፒውተር ስትቆርጥ እግረመንገድህን ወደ ስክሪኑ ልክ ስታወርደው ፋይሉም ሊቀንስልህ ይችላል። 400ውን በአንዴ እንዳትጭን ብቻ፣ እኔ ጭኜ ሚነበበውን መምረጥ አቅቶኝ ምንም ሳላነብ ወር አለፈ። አስር አስር።

ነርሷ_ከዱባይ
እኔም አንድ ልጨምር፣ ዩኒኮድ የሆኑት ላይ ነው ይሄ። ፊደል አሳድገሽ ስታነቢ ሁለቱም ጎን እኩል እንዲሆን አታድርጊው፣ የግራው ብቻ ቀጥ ይበል። አማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ "እንደሚያስፈልጋቸውም" አይነት ቃል ከመስመሩ ጫፍ ሲደርስ ሙሉውን ወደታች ይጥለውና የቀሩትን ሶስት ቃላት እየበታተነ መሀሉን ወንዝ ያስመስለዋል። ለእናቴ የጸሎት መጽሐፏን እንደዛ አድርጌ ሰጥቻት "ጥርሱ የወለቀ ነው እንዴ" አለችኝ። አሁን ፊደሉን ከአውራ ጣት ጥፍር አሳክዬላት፣ በአንድ ገጽ አስር መስመር አይሞላም፣ መነጽሯን ሳትፈልግ ትደግማለች። ገጽ ለመቀየር ስትነካው ግን አሁንም እንደ ወረቀት ጣቷን በምራቅ ታረጥባለች፣ ተይ ብላት አልሰማ አለችኝ።

ባትሪ_ጨራሽ
ሃሃሃሃ ውሃ ሚቋቋመውን ግዢላት

የጣና_ዳሩ
(ከገና በኋላ) ጎበዝ መጣ። በመጨረሻ ጋሼን ሰምቼ 7 ኢንቹን ኪንድል፣ ፔፐርኋይት የሚባለውን፣ ነው ያስገዛሁት፣ ከነሽፋኑ 200 አልሞላም። ኮቦው ኮሪደር ስለሚጫንበት ልቤ ነበር፣ ግን ባለ 7 ኢንቹ አዲሱ ከነሽፋኑ ከተባልኩት አለፈብኝ፣ የሰው ብር ደግሞ አይጨመርበትም። የአክስቴ ልጅ ጉያዋ ውስጥ አድርጋ ነው ያመጣችው ማለት ይቻላል፣ ሻንጣ ያልኳትን ፈርታ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠርዙ የተቆረጠ የአማርኛ ስካን ቁም አድርጌ አነባለሁ፣ ምንም አይልም። እንግሊዝኛው ወደ ጎን። ባለ ሁለት ዓምድ አርቲክል ላይ ወደታች ሄደህ እንደገና ወደላይ መመለሱ ያናድዳል፣ ፕሮግራሙ ቃል በቃል እንደገና ሲደረድረው ግን ከስልኬ ይሻላል፣ ሰንጠረዥ ሲያጋጥመው ብቻ ነው አመድ ሚያደርገው። ካርታውን የባትሪ_ጨራሽ ምክር ሰምቼ ላይብረሪ ኮምፒውተር ላይ ነው ማየው። ማታ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ሻማ ፍለጋ ሲሯሯጥ እኔ ገጽ እየቀየርኩ ነው፣ ቻርጁ ከመጣ ጀምሮ አንዴም አልተሰካም፣ አሁን 61 ላይ ነው። እንቅልፌ ግን አልተስተካከለም፣ አሁን ደግሞ በንባብ ነው ማመሸው።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጨርሼ ሁለተኛው ላይ ገጽ 112 ደርሼ ቆሜያለሁ፣ ፎንት_ለቃሚ ያልከው አውራ ጣት እዛ ላይ አለልህ፣ ያውም ጥፍሩ ያደገ፣ የመጨረሻዎቹን አራት መስመሮች ሸፍኗቸዋል። ስለ ጎጃም ግብር አሰባሰብ የሚያወራ ነው፣ እኔ ደግሞ ለፅሑፌ ምፈልገው እነሱን አራት መስመሮች ነው። ስሙን በውስጥ ልኬላችኋለሁ፣ ያለው ሰው ይተባበረኝ።

ጡረተኛው_መምህር
መጽሐፉ ቤቴ አለ፣ 1960ዎቹ ውስጥ ነው የገዛሁት። በስልክ አንሥቼ የምልከው እኔም አውራ ጣቴን ስለምጨምርበት ይቅር። የእህቴ ልጅ ዓርብ ወደ ባህር ዳር ስለሚወርድ በእሱ እሰድልሃለሁ፣ አንብበህ በእጁ መልስልኝ። ስካን ካደረግኸው ደግሞ አደራ፣ የዚህን ጠርዝ እንዳትቆርጥ፣ በእርሳስ የጻፍሁበት አለ።